መመለሻውንም ፕሮግራሙ ላይ ጻፉት፦ ለባሕር ዳርቻ የእግር ጉዞ አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ውድ አዘጋጆች፣

ስማችሁን አልጠራም። ጉዳዩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለም። ሰው ሰብስባችሁ፣ መሪ መድባችሁ፣ ጠዋት በባሕር ዳርቻ መንገድ አስጀምራችሁ ማታ ወደየቤቱ የምትሸኙ ሁሉ ይመለከታችኋል። ሥራችሁን እወደዋለሁ። ብቻዬን የማልደፍረውን መንገድ ከእናንተ ጋር ሄጄበታለሁ። ይህን የማስቀድመው ቀጥሎ የምጽፈው ክስ ስለሚመስል ነው። ክስም ነው። ግማሹ ግን በራሴ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 14 ሆነን ወጣን፤ መሪያችን 15ኛ። መንገዱ 18 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው በገደል አፋፍ ላይ ይሄዳል፤ ወደ መጨረሻው ግን ወደ አሸዋው ወርዶ ከገደሉ ሥር ያልፋል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ባሕሩን መስታወት አስመስሎታል። ከሥሩ «ቀላል፣ ለሁሉም የሚሆን» ይላል። ስለ ነፋስ አንድ ቃል የለም። ጠዋት ስንነሳ እውነትም ቀላል ነበር። ፀሐይ አለ፣ አየሩ ለስለስ ብሏል፣ ሰዉ ገና አልደከመውም፣ እየተሳሳቀ ፎቶ ይነሳል።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ መጣ። መጀመሪያ ኮፍያ ወሰደ፣ ሳቅን። ቀጥሎ ወሬያችንን ወሰደው፤ አጠገቤ ያለው ሰው የሚለውን ለመስማት ጆሮዬን አፉ ላይ መለጠፍ ነበረብኝ። መንገዱ ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ ወደቆመው ኮረብታ መውጣት የሚጀምርበት ቦታ ስንደርስ መሪያችን ቆመች። ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ስልኳን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ እኛን አየች። «እዚህ ጋ ብንመለስ ጥሩ ይመስለኛል» አለች።

«ይመስለኛል» የምትለዋን ቃል ያዟት።

እኔ ነኝ የጮህኩት። «እስከዚህ መጥተን? ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል! ትንሽ ነፋስ ነው!» ሁለት ሦስት ሰዎች ደገፉኝ። የቀሩት ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት። በኋላ እንደሰማሁት ከዝምተኞቹ ቢያንስ አራቱ በሆዳቸው «ምነው ብንመለስ» እያሉ ነበር። መሪያችን ትንሽ አመነታችና «እሺ፣ ጠጋ ጠጋ ብለን እንሂድ» አለች። ሄድን።

ከኮረብታው ወዲህ ነፋሱ ከባሕር ወደ መሬት ስለሚነፍስ የሚገፋን ከገደሉ አርቆ ነበር። ያስቸግራል እንጂ አያስፈራም። ጫፉን ዞረን ማዶ ስንሻገር ግን ያው ነፋስ፣ ምንም ሳይለወጥ፣ ከመሬት ወደ ባሕር የሚገፋ ሆነ። የተለወጠው የእኛ መንገድ ነው። ይህን ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ከፊቴ የሚሄደው ሰውዬ በነፋሱ ላይ ተደግፎ ሲራመድ ቆይቶ ነፋሱ ድንገት ጸጥ ሲል ሚዛኑን ስቶ ሲንገዳገድ፣ ቀና ልበል ሲል ደግሞ ሌላው ግፊያ መጥቶ ሲጥለው ነው። ሣሩ ላይ ተንከባሎ ቆመ። ከቆመበት እስከ አፋፉ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። እግሬ ቄጤማ ሆነ። ያ አፋፍ ደግሞ ከላይ ሣር ለብሶ ይታያል እንጂ ከሥሩ ማዕበል ቦርቡሮት ባዶ ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል። ከላይ የቆመ ሰው ያንን የሚያይበት መንገድ የለውም።

ሰውዬው የእጁ አንጓ ወለም አለው፤ ሌላ ነገር አልሆነም። ግን ከዚያ በኋላ አንዳንዱን ቦታ ቁጢጥ ብለን፣ አንዳንዱን በእጅና በእግር ነው ያለፍነው። ስለዚህ ዘገየን። ስለዘገየን ወደ አሸዋው ስንወርድ ባሕሩ ሞልቶ ከገደሉ ሥር ያለውን መንገድ ውጦታል። በመጣንበት ተመልሰን፣ ወደ ውስጥ የሚወስድ ሌላ መንገድ ፈልገን፣ በስልክ መብራት እየተመራን ስንወጣ ጨልሞ ነበር። ከነፋስ ጋር የተጀመረ ነገር ከውሃና ከጨለማ ጋር አለቀ።

ማታ ይቅርታ ልጠይቃት ቀረብኩ። በዚያውም ጠየቅኳት፣ «ለምን አይሆንም ብለሽ አልቆረጥሽም?» መልሷን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ጋሼ፣ ከመለስኳችሁ ቅሬታ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነኝ። ከቀጠልኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይፈጠርም።» ለተመለሰ ጉዞ ምን ያህል እንደሚከፈላት ስጠይቃት ፈገግ ብላ ወሬ ቀየረች።

አዘጋጆች፣ ደብዳቤዬ ይህቺው ናት። ልጅቷን ስሌት ውስጥ ያስገባችኋት እናንተ ናችሁ። «እንመለስ» የሚለው ውሳኔ አፋፍ ላይ፣ ጆሮ በማያሰማ ነፋስ ውስጥ፣ ገንዘብ ከፍለው ከመጡ 14 ሰዎች ፊት፣ አንዲት ወጣት ብቻዋን የምትወስደው መሆን የለበትም። ከሳምንት በፊት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በቁጥር ተጽፎ ማለቅ ያለበት ነገር ነው። መመለሻው እንደ መነሻ ሰዓቱ ሁሉ ፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ።

ቁጥር ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ከተሠራ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፍራንሲስ ቦፎርት የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በ1805 እ.ኤ.አ. ነፋስን ከ0 እስከ 12 የሚከፍል መለኪያ አዘጋጅቷል። ዛሬም የአየር ትንበያዎች ይጠቀሙበታል። ደስ የሚለው ነገር ያለ መሣሪያ በዓይን የሚነበብ መሆኑ ነው። 6 ላይ፣ ማለትም ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ዣንጥላ መያዝ ያታግላል። 7 ላይ፣ ከ50 እስከ 61፣ ዛፍ ከነግንዱ ይወዛወዛል፣ ነፋሱን ተቃውሞ መራመድ ይከብዳል። 8 ላይ፣ ከ62 እስከ 74፣ የዛፍ ጭራሮ እየተሰበረ ይወድቃል፣ ሰውም ወደፊት መሄድ ያቅተዋል። ይህ ሜዳ ላይ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ገደል ላይ ያለ ሰው 8ን መጠበቅ የለበትም፤ እኔ ብሆን 6 ላይ ማሰብ ጀምሬ 7 ላይ እመለሳለሁ። እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ፣ የራሳችሁን ቁጥር ምረጡ። ብቻ ምረጡና ጻፉት።

ስትመርጡ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ነፋስ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ከ30 ወደ 60 መሄድ «ትንሽ ጨመረ» ማለት አይደለም፤ ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው። እኔ «ትንሽ ነፋስ ነው» ያልኩት ይህን ባለማወቄ ነው። ሁለተኛ፣ በትንበያው ላይ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር አማካይ ነው። ሰው የሚጥለው አማካዩ ሳይሆን በመሃል ድንገት የሚመጣው ግፊያ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአማካዩ በግማሽ ያህል ይበልጣል። 40 ብሎ ተንብዮ 60 ቢመታችሁ ትንበያው ዋሽቶ አይደለም። በዚያ ላይ ከባሕር የመጣ ነፋስ ገደሉን ሲመታ ወደ ላይ ተገፍቶ አፋፉ ላይ ይፈጥናል። መኪና ማቆሚያው ጋ የተለካው ነፋስ ላይኛው ጫፍ ላይ ያለው ነፋስ አይደለም።

የቀኑንም ጠባይ ተመልከቱ። ፀሐያማ በሆነ ቀን መሬቱ ከባሕሩ ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ቦታውን ሊሞላ ከባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ይህ ነፋስ ከቀትር በኋላ ነው የሚበረታው። ሰማዩ ጥርት ማለቱ ነፋሱ እንደሚመጣ ምልክት ሊሆን ሲችል እኔ እንደ ማስተባበያ አቀረብኩት! እንግዲህ መንገዱን በጠዋት ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ፣ ከሰዓት ከጀርባ አድርጎ መመለስ የሚያስችል አድርጋችሁ ብትነድፉትስ? ወደ ባሕሩ የገባውን አስቸጋሪ ኮረብታ ከቀትር በፊት ብታሳልፉንስ? ምንም ወጪ የለውም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚለወጠው የመነሻና የመድረሻ ቦታው ብቻ ነው።

ሰዓት አቆጣጠራችሁንም አይቼዋለሁ። በየማስታወቂያው የሚጻፈው የጉዞ ሰዓት በጥሩ ቀን፣ በጥሩ እግር የተሰላ ነው። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ አለ፤ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ 1 ሰዓት። በዚህ ደንብ 18 ኪሎ ሜትር ከነ600 ሜትር ዳገቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ደንቡ ግን ምሳ መብላትን፣ ጫማ ማሰርን፣ ፎቶን፣ ነፋስን አያውቅም። ቡድንም አያውቅም። የቡድን ፍጥነት ደግሞ የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው፤ የፊተኛው ሮጦ ቢሄድ ቆሞ ከመጠበቅ በቀር ምን ያተርፋል?

ከሁሉ የሚያናድደኝ የባሕሩ ሙላት ነው። ነፋስ በትንበያ ነው፣ ሊሳሳት ይችላል። ባሕሩ ግን መቼ እንደሚሞላና እንደሚጎድል ከዓመት በፊት በሰንጠረዥ ታትሞ ይገኛል። በብዙ ዳርቻዎች ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ በደረቅ አሸዋ የተሻገራችሁትን በዚህ ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ላታገኙት ትችላላችሁ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱም ጉድለቱም ይጨምራል። አመጣጡም ወጥ አይደለም። በ6 ሰዓት ውስጥ ከሚሞላው ውሃ ግማሽ ያህሉ በመሃለኞቹ 2 ሰዓታት ይገባል። ሰው ተዘናግቶ «ገና ነው» የሚለው በመጀመሪያው ሰዓት አይቶ ነው። ሰንጠረዡም ቢሆን የተለመደ አየር ጠብቆ የተሠራ ነው። ወደ ዳርቻው የሚገፋ ነፋስ ሲኖር፣ የአየር ግፊቱም ዝቅ ሲል፣ ውሃው ከተጻፈው በላይ ይወጣል፤ ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) በወረደ ቁጥር ውሃው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ነፋሻማ ቀን ላይ ሰንጠረዡን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ማመን አያዋጣም።

ይህን የሚያውቁ ቦታዎች አሉ። በእንግሊዝ የሞርካም ባሕረ ሰላጤ ባሕሩ ሲጎድል ሰው በአሸዋው ላይ በእግር ይሻገራል። አሸዋው ግን የሚውጥ ቦታ አለው፣ ወንዞቹም መንገዳቸውን ይቀያይራሉ። ስለዚህ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንገዱን የሚመራ ሰው በይፋ ይሾማል። መሪው ሰዎቹን ከማሻገሩ በፊት ራሱ ሄዶ መሬቱን ይፈትሻል፣ ደህናውን መስመር በቅርንጫፍ ምልክት ያደርጋል። ጉዞው የሚጀመርበትን ሰዓት የሚወስነው ባሕሩ ነው። ኔዘርላንድስን፣ ጀርመንንና ዴንማርክን በሚያዋስነው የዋደን ባሕርም እንዲሁ ውሃው ሲጎድል በጭቃው ላይ በመሪ ይኬዳል። እዚያ የሚመዘገብ ሰው ቀኑንና ሰዓቱን ውሃው እንደሚቆርጠው ገና ከመነሻው አውቆ ነው የሚመጣው። ከመሪው ጋር የሚከራከርበት ነገር የለውም፤ ከባሕር ጋር ማን ይከራከራል? እኔም የምጠይቀው ለነፋሱ እንዲሁ እንድታደርጉለት ነው።

አሁን ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ ከፎቶው ሥር ሁለት መስመር ጨምሩ፤ ነፋሱ ይህን ያህል እንደሚሆን ከተተነበየ አንወጣም፣ መንገድ ላይ ይህን ያህል ከሆነ እዚህ ቦታ ላይ እንመለሳለን። የሚመለስበት ቦታ በስም ይጠቀስ፤ የሚያጥርበት ሌላ መንገድ ካለም እሱ። ቀጥሎ ገንዘቡን ተናገሩ። የቀረ ጉዞ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል ወይስ ይመለሳል? የትኛውም ይሁን፣ ቀድሞ ይታወቅ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለመሪዎቻችሁ፣ መንገዱን ቢጨርሱም ቢመልሱም እኩል ክፈሏቸው። ይህን ካላደረጋችሁ የተቀረው ጌጥ ነው። እንጀራዋ የተንጠለጠለበትን ውሳኔ «በነፃነት ወስኚ» ማለት ቀልድ ነው።

ሌላ ትንንሽ ነገር አለ፣ ቶሎ ልበለው። ከኋላ ደጀን የሚሆን ሁለተኛ ሰው መድቡ። በነፋስ ውስጥ ከፊት ያለው መሪ ከኋላ የሚጮኸውን አይሰማም፤ እኛ ሰውዬው ሲወድቅ ስንጮህ መሪያችን ብዙ እርምጃ ሄዳ ነው ዞር ያለችው። ፊሽካ አሲዟቸው፤ በደቂቃ 6 ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ አርፎ መድገም የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው፣ ለተሳታፊውም አስተምሩት። ልብስ ስትዘረዝሩ «ጃኬት ያዙ» ብቻ አትበሉ። 10 ዲግሪ የሆነ አየር 40 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲጨመርበት ገላ ላይ የሚሰማው እንደ 6 ዲግሪ ነው፤ በላብ የራሰ የጥጥ ካናቴራ ለለበሰ ሰው ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እኔ ጥጥ ነበር የለበስኩት። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ የነበረው ከፍርሃት ብቻ አልነበረም።

ለተሳታፊዎችም አንድ ነገር ልበል፣ ደብዳቤው ግልጽ ነውና ታነቡታላችሁ። በየቡድኑ አንድ እንደ እኔ ዓይነት ሰው አለ። ጉልበት አለው፣ ድምፅ አለው፣ ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። ዝም ስትሉት ልክ ነኝ ብሎ ያስባል። አትፍሩት። «እኔ መመለስ እፈልጋለሁ» ብሎ አንድ ሰው ቢናገር ኖሮ ያን ቀን አፌን እዘጋ ነበር፤ ሁለት ቢሆኑማ ሐሳቡ መጀመሪያውኑ የእኔ እንደነበር አስመስዬ አወራ ነበር።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ አንድ ወዳጄ አነበበውና «ሰው ይሸሻቸዋል፣ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ማን ይመዘገብበታል?» አለኝ። እኔ እመዘገባለሁ። ያ አንጓው ወለም ያለው ሰውዬም እንደሚመዘገብ ነግሮኛል። ነፋሱን አልጠላንም እኮ! ያን ዕለት እንኳ፣ ከመፍራታችን በፊት፣ ማዕበሉ ከታች ሲፈነዳና ወፎቹ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ አየሩ ላይ ተንሳፍፈው ሲቆሙ አፋችንን ከፍተን ነበር የምናየው። ከነፋሻማ ዳርቻ ነፋሱን ካወጣችሁት ምን ይቀራል?

የመመዝገቢያ ቅጻችሁ ላይ ስም፣ ስልክ፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው የሚሉ ቦታዎች አሉ። ከእነሱ ሥር አንዲት ትንሽ ሳጥን ጨምሩ፤ «መሪው እንመለስ ካለ ያለ ክርክር እመለሳለሁ» የምትል። ምልክት ያላደረገ አይመዝገብ። ለሚቀጥለው ጉዞ ሳጥኗ ካለች የመጀመሪያውን ምልክት የማደርገው እኔ ነኝ፤ ከተቻለ ደግሞ መሪዋ ያቺው ልጅ ትሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከ14ቱ አንዱ፣ ያ የጮኸው